ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት ትንፋሹን አዳምጡ

ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ባለፈው ክረምት ውሻ ከሚያራባ ሰው አንድ ቡችላ ገዛሁ፣ አፍንጫው ንፍጥ ነበረው፣ "ብርድ ነው ያልፋል" ሲለኝ አመንኩት። በሳምንቱ ማሳል ጀመረ፣ ዓይኑ በአይናር ተጣበቀ፣ ማታ ደረቱ ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ ሲር ሲር ይላል፣ ሐኪሙ ዲስተምፐር የሚባል የውሻ የቫይረስ በሽታ ነው አለኝ፣ ለካ ክትባት የሚባል አላየም፣ ሞተብኝ። ልጄ እስካሁን የሚበላበትን ሳህን አላስነሳም ብላለች።

እባካችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ረጋ ብሎ ሲተኛ ጠብቁና ስልካችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጠሩ፣ በደቂቃ ከ40 በላይ ከሆነ ተጠራጠሩ። ከዛ ትንሽ አሯሩጡት፣ ያስለዋል ወይ? እናቱንና ወንድሞቹንም እዩ፣ አንዱ ካሳለ ሌሎቹም ይዟቸው ሊሆን ይችላል። እነ ፐግና ቡልዶግ የሚባሉት የውሻ ዝርያዎች ደግሞ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ስለሆነ ቀዳዳው እንዳይጠብ እዩ፣ ማንኮራፋታቸው ብዙ ሰው ያስቀዋል እንጂ አየር አጥሯቸው ነው። ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመራል፣ ካርዱን ጠይቁ፣ የለም ካሏችሁ ትታችሁ ሂዱ።

አዘጋጆች፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለ፣ ከዛ አንድ ባለሙያ አናግራችሁ በሰፊው ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ