ስለ ልብ ወለዱ መጨረሻ

ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣

መጽሐፉን ትናንት ማታ ጨረስኩት። ብዙዎቻችሁ «መጨረሻው ተንጠልጥሎ ቀረ» ብላችኋል፤ እኔ ግን አልስማማም። ታሪኩ በመጸው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት መዘጋቱ እንዲያው የመጣ አይመስለኝም። በባዮሎጂ እንደተማርነው ቀኑ ሲያጥርና ቅዝቃዜው ሲገባ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ ይፈርሳል፤ ቢጫው ቀለም፣ ካሮቲኖይድ፣ ግን አዲስ አይደለም፣ በሙቀቱ ወራት ሁሉ ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የቆየ ነው። የባለታሪኳም ፍቅር በመጨረሻው ገጽ አልተወለደም፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ነበረ፣ የሸፈነው ነገር ነው የተገፈፈው። ለዚህ ነው ደራሲው ምንም ያላብራራው፤ ደግሞም ልክ ነው።

እባካችሁ ከቅዳሜው ውይይት በፊት ባለታሪኳ ደብዳቤውን ሳትከፍት ኪሷ የከተተችበትን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት።