ገመዱን ከማሰራችሁ በፊት ዘይቱን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እኛ ሰፈር፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ አንድ ፔጆ 404 በአይሱዙ ተጎትቶ ሲነሳ አየሁ። 12 ዓመት ጓሮ የቆመ መኪና ነው። ባለቤቱ ጎረቤቴ ናቸው። ከአንድ ጋራዥ የመጡ ልጆች ገመድ አሰሩ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ጥቂት እንደተጎተተ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ከሞተሩ ውስጥ ብረት በመዶሻ የሚቀጠቀጥ የመሰለ ድምፅ መጣ። ብሮንዚናው፣ የሞተሩ ዘንግ የሚያርፍበት ለስላሳ ብረት፣ ተበላ። ከመጎተቱ በፊት ዘይቱን ያየ አልነበረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ድምፅ ምክንያት ነው፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ብዙ ሰው በየጓሮው የቆመ አሮጌ መኪናውን ማየት ጀምሯል። ደስ ይለኛል። ግን እባካችሁ፣ ለቁልፉ አትቸኩሉ።

እኔም ቸኩዬ ነበር። የአባዬ መኪና በፈረንጆቹ የ1966 ሞዴል ቮልስ ናት። አባዬ ለቡና ሥራ አጋሮና ሊሙ ይመላለስባት ነበር። ማታ ማታ ሲጠግናት ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። በ2008 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር 9 ክረምት ቆመች። የጅማን ክረምት የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል።

በ2017 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣና «አክስቴ፣ ከእኔ መኪና ባትሪ ወስደን እናስነሳት» አለኝ። የዘይት መለኪያዋን ብረት ስቤ አየሁ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። ደህና ናት አልኩ። ደግነቱ አባዬ ያሠራቸው የነበሩትን አዛውንት መካኒክ ቀድሜ ጠርቻቸው ነበር። «ልጄ፣ ይህቺ ብረት ዘይቱ የት እንደደረሰ እንጂ ምን እንደሆነ አትነግርሽም» አሉኝ። የልጁንም የባትሪ ገመድ አስጠቀለሉት፤ የእሱ ባትሪ 12 ቮልት፣ የቮልሷ ደግሞ 6 ቮልት ነው።

ከሥሯ ነጭ ሳፋ አስቀመጡና መሃል ያለችውን ቡሎን ቀስ አድርገው ፈቱ። መጀመሪያ የወረደው ዘይት አልነበረም። ውኃ ነው! አንድ ሲኒ የሚሞላ፣ ዝገት የነካው ውኃ። ከዚያ በኋላ ነው ዘይቱ፣ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ፣ እየተጎተተ የመጣው።

ነገሩ ቀላል ነው። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። የዘይት ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ያን ቀን አስነስተናት ቢሆን ኖሮ ፓምፑ በመጀመሪያ ለብሮንዚናዎቹ የሚልከው ያንን ውኃ ነበር። ቮልስ ራዲያተር ስለሌላት ውኃው ከሌላ ቦታ ያፈሰሰ አይደለም፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ ሞተሩ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ጤዛ እየሆነ የተጠራቀመ ነው። ራዲያተር ያለው መኪና ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ግን የቴስታታውንም ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ መጠርጠር ያስፈልጋል።

በዚህች መኪና ላይ ዘይት ከሌላው መኪና የበለጠ ሥራ አለበት። ከነፋሱ ጋር ሆኖ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። የሚይዘውም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ፊልትሮ የላትም፤ ያላት በ6 ዳዶ የታሰረች የሽቦ ወንፊት ናት። ወንፊቷ ሬንጅ በመሰለ ጭቃ ግማሽ ተደፍና አገኘናት። በናፍታ አጠብናት፣ ጓርኒሲዮኖቿን ቀየርን። ዳዶዎቹን ሳስር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ተቆጥተው የተናገሩኝ። «በጉልበት አይደለም!»

ቀጥሎ አራቱን ካንዴላዎች፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ አወጡ። በየቀዳዳው አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመሩና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለምን ትቆያለች ብዬ ስጠይቅ መልሳቸው ይህ ነበር። መኪና ለዓመታት ሲቆም ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ሙልጭ ብሎ ይወርዳል። ፋሻው፣ ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይያያዛል። እንዲያ ሆኖ በግድ ከተጎተተ ፋሻው ይሰበራል፣ ወይም ሲሊንደሩ ይፋቃል። በሦስተኛው ቀን የዲናሞው ፑሌ ላይ 21 ቁልፍ አስገብተው በእጃቸው ሞከሩ። እንቢ አለች። አላስገደዷትም። ዘይት ጨምረው እንደገና ተዋት። በማግስቱ ጠዋት ዞረች፤ መጀመሪያ ክብድ ብላ፣ ከዚያ እየቀለለች።

ከሁሉ የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የራሷን 6 ቮልት ባትሪ ገጠምን። ካንዴላዎቹን ግን ገና አልመለስንም። ካንዴላ ከሌለ ሞተሩ አየር ስለማያፍን በሞተሪኖ ብቻ ቀለል ብሎ ይዞራል፤ ብሮንዚናዎቹ ላይ ጭነት ሳይመጣ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ላይ ያደርሳል። እኔ ዓይኔን ዘይት መብራቷ ላይ ተከልኩ። አሥር ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ዕረፍት። በአራተኛው መብራቷ ጠፋች፤ ዘይቱ ደረሰ ማለት ነው። ያኔ ብቻ ነው «አሁን ካንዴላውን አምጪ» ያሉኝ። ጅሬን ደርሰን ስንመለስ ሞተሯ ሳይበርድ ዘይቱን ደግመን ቀየርን፤ የቀረውን ቆሻሻ ታጥቦ ይውጣ ብለው ነው።

ይህ ሁሉ ከአራት ቀንና ከጥቂት ሊትር ዘይት የበለጠ አልጠየቀንም። እኚህ ሰው አሁን ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። እንደሳቸው ያሉ መካኒኮች በየከተማው አሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን እያነሰ ነው። ጋዜጣችሁ በሳምንት አንድ ዓምድ ቢሰጣቸው፣ የሚያውቁትን ለወጣቶቹ ቢናገሩ፣ እኔ የመጀመሪያዋ አንባቢ እሆናለሁ።

የጎረቤቴ ፔጆ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል። ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ፣ ተርፎ እንደሆነ ለማየት ሰኞ ኮፓውን፣ ከሥሩ ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ያስፈታሉ። አዛውንቱን በቮልሷ ይዤላቸው እሄዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ ፈረንጅ አራዳ