ስለዚያ ፎቶ

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታውን ላሳጥረው። እኔ ደህና ነኝ። ለአባዬ ዓይን የሚሆነውን ብር ሰኞ ልኬያለሁ፤ ሲደርስሽ ንገሪኝ። ቀሪውን ከገና በፊት እጨምራለሁ። ከየት አመጣህ አትበይኝ፣ አለኝ።

አሁን ስለዚያ ፎቶ። «ለእህትህ ሠርግ መምጫ የለኝም ትላለህ፣ ፏፏቴ ሥር ግን ትንሸራሸራለህ» ያልሽውን ስንት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ሁለት ወር የጠፋሁት ቴሌግራም እዚህ ቻይና ያለ ቪፒኤን ስለማይከፍት ነው ብል ውሸት አይሆንም። ግን ከፍቶኝም ነበር። ጉዞውን የከፈለው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የውጭ አገር ተማሪዎችን ሰብስበው ወሰዱን። ከኪሴ የወጣው የምሳ ብቻ ነው። ከሳህ ላልሽው ደግሞ፣ ካሜራው ነው።

ቦታው ኋንግሎንግ ይባላል፣ ቢጫ ዘንዶ ማለት ነው። ከቸንግዱ ከተማ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ በአውቶቡስ ተራራ መውጣት ነው። ሸለቆው 3.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የኮንሶን እርከን በቴሌቪዥን አይተሽ የለ? እሱን በውሃ ሙይው። ውሃው ኖራ ይዞ ከላይ ይወርዳል፣ ኖራው እየረጋ ግድብ ይሠራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ከ3,000 በላይ ገንዳ ሆኗል። አንዱ ሞልቶ ወደ ሌላው ይፈሳል። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቢጫ። ፎቶውን የተነሳሁት ታች ፏፏቴው ጋ ነው፤ ድምፁ ጓደኛዬ የሚለኝን እንኳ አያሰማም ነበር።

ጫፉ ከ3,500 ሜትር ያልፋል። ጓደኞቼ ኦክስጅን በጣሳ እየገዙ ይስባሉ። የደብረ ብርሃን ልጅ ምን ይነካዋል! ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ እማዬ በጋቢ ጠቅልላ ትምህርት ቤት የምትሸኘን ጠዋት መጣብኝ። እዚያው ቆሜ ዓይኔ ሞላ።

ላይ በጥንቶቹ የሚንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ። በነሱ አቆጣጠር በስድስተኛው ወር አጋማሽ ይነግሣል፤ ቲቤቶቹም ሌሎቹም ከየተራራው ይመጣሉ። እኔ ስደርስ አንዲት እናት ዕጣን እያጨሱ ነበር። ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ እማዬን ቁርጥ። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ካለው ገንዳ ልቀዳ ብዬ ባዶ ሃይላንዴን አወጣሁ። ጸበል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እትዬ። እጄ ለምዶበት ነው፤ አባዬን ጸበል ስንወስደው ጀሪካኑን የምይዘው እኔ አልነበርኩ? ጥበቃው ሮጦ መጣ። ውሃውን መንካት ክልክል ነው፤ የሚኬደው በእንጨቱ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ባዶ ሃይላንዴን ይዤ ወረድኩ።

ጥር ላይ አልመጣም። ይኸው ጻፍኩት። ፈተናዬም ያኔ ነው፣ ግን እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ። ቲኬቱን ብገዛ የአባዬ ዓይን ይቆያል። ሞራው አሁን ከተገፈፈለት ልጁ ስትሞሸር ያያታል። እኔ ኖሬ እሱ በድምፅ ብቻ ከሚሸኛት፣ እሱ ቢያያት ይሻላል ብዬ ነው። ለሙሽሪት ይህን እንዳትነግሪያት፤ በገዛ ሠርጓ ታለቅሳለች። ፈተና አለበት በያት፣ ትቆጣኝ። በልጅነታችን ፀጉሯን እየነጨሁ እንዳላደግሁ፣ ዛሬ ሚዜ ሆኜ እንኳ ከጎኗ አልቆምም። ይህን ሳስብ ሌሊቱ አይነጋልኝም።

አባዬ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል? ጨው ቀንሱለት። ሐኪሙ ቀኑን እንደቆረጠላችሁ ጻፊልኝ።

ዊቻት የሚባለውን የቻይኖቹን ቴሌግራም አንዱ የሠፈር ልጅ ይጫንልሽ፣ እሱ አያስቸግረኝም። በምርቃቱ ሰዓት ከፍተሽ አባዬ አጠገብ ያዢልኝ። እኛ በአምስት ሰዓት እንቀድማችኋለን፣ እዚህ ይመሻል። እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ