ለልጄ፦ ቀብዱን ከመክፈልህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለማሙሽ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሚስትህስ? ሕፃኗስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደሴ ብርዱ ጠንክሯል፣ ጦሳ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም። ይህን ጽፌ በእህትህ እጅ የላክሁልህ በስልክ ብነግርህ «እሺ እማ» ብለህ ስለምትዘጋው ነው።

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። ግፊትህ 152 በ98 ሆኗል፣ ክብደትህ 96 ኪሎ ገብቷል፣ ሐኪሙ መድኃኒት አዞልህ እንቅስቃሴም አድርግ ብሎሃል። አንተ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የመሮጫ ማሽን አይተህ ቀብድ ልትከፍል ነው። ማሙሽ፣ ቀብድ እንዳትከፍል። ለመንቀሳቀስ ቆርጠህ መነሳትህን ስሰማ እልል ነው ያልኩት። እኔን ያሳሰበኝ ማሽኑ ነው።

እስቲ ቤትህን አስበው። ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ያን የሚያህል ብረት ማን ተሸክሞ ያወጣዋል? ከፍለህ አስወጣኸው እንበል፤ ሶፋው፣ ብፌው፣ የሕፃኗ አልጋ ባለበት ሳሎን የት ታቆመዋለህ? መሮጫ ከኋላው ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እላዩ ላይ የተንሸራተተ ሰው ወደ ኋላ ነው የሚወረወረው፤ ግድግዳ ካለ በግድግዳውና በሚሽከረከረው ላስቲክ መካከል ተቀርቅሮ ይላጣል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተህ ስትሮጥ ከሥርህ ያሉት አሮጊት እንቅልፍ የላቸውም። መብራት ድርግም ሲልስ? ላስቲኩ ቀጥ ሲል አንተ በሩጫ ላይ ነህ።

ከሁሉ በላይ ሕፃኗ። መዳህ ጀምራለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ትነካለች። ያ ላስቲክ የልጅ ጣት ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ቁስሉም እንደ እሳት ቃጠሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ልጅ ሞቶ በጣም ውድ የሆነ መሮጫ ከየቤቱ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ከእነ ጥበቃቸው እነሱ ቤት ከደረሰ፣ ሁሉም ነገር ባንድ ክፍል ውስጥ በሆነበት ያንተ ቤት ምን ሊሆን ነው?

ሻጩ የሚነግርህንም የሞተር ጉልበት አትመን። በትልቁ የሚጻፈው ሞተሩ ለአፍታ የሚደርስበት ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ከዚያ ያንሳል። ስንት ኪሎ እንደሚሸከምም ጠይቀው። መቶ ካለህ አንተ ጫፉ ላይ ነህ። ቁመትህ እንደ አባትህ ነው፣ የርካሾቹ ላስቲክ ደግሞ አጭር ስለሆነ እግርህን ዘርግተህ አትሮጥበትም።

ብረት በተነሳ ቁጥር አባትህ ይመጣብኛል። ከአጥሩ ጥግ የነበረውን የሲሚንቶ ብረት ሳታስታውሰው አትቀርም። ከአጎትህ ጋር ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ በጠጠርና በሲሚንቶ ሞልተው፣ መሃሉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክተው የሠሩት ነው። ሲሚንቶው ስላልበቃቸው አንደኛው ጣሳ ጎደሎ ነበር፤ አባትህ ባነሳው ቁጥር ብረቱ ወደ ግራ ያጋድልበታል፣ እሱም በቀኝ ትከሻው ያቃናዋል። በየማለዳው መሬት ሲመታ በድምፁ ነበር የምነቃው። የዚያን ሰው ክንድ ያየ ይታመማል ብሎ አያስብም።

ግፊት ሲገኝበት «ይህን ብረት የማነሳው ሰውዬ?» አለኝ። መድኃኒቱን ትንሽ ጊዜ ዋጠና፣ አሁንማ ደህና ነኝ ብሎ ተወው። ግፊት አያምም ልጄ፣ ክፋቱ እሱ ነው። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ የንስሐ አባቱን አምጥቼ ባስመክረው አልሰማም። ትንፋሹን ውጦ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ያነሳ ነበር። ትንፋሽ ተይዞ ከባድ ነገር ሲነሳ ግፊቱ በዚያችው ቅጽበት ሽቅብ ይወጣል፤ ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት ያየሁት ነገር ነው። አንድ ቀን ጠዋት የቡናው ስኒ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ስብርባሪውን ለቅሜ ቀና ስል ግማሽ ፊቱ ወርዷል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቀዋለህ፣ አልጋውን ያነጠፍከው አንተ ነህ። ሠርግህን ሳያይ፣ የልጅህን ድምፅ ሳይሰማ ሄደ። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ስፖርት ጀመርኩ ብለህ ሐኪሙ ሳይልህ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ። ስትገፋም ስታነሳም ትንፋሽህን አውጣ።

ታዲያ ምን ልግዛ ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ የግፊት መለኪያ ግዛ። የክንዱን እንጂ የእጅ አንጓውን አትውሰድ። ክንድህ ወፍራም ስለሆነ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ትልቁን በል፤ ትንሹ ጨርቅ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ያለውን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከመለካትህ በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባህን ደገፍ ብለህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እግርህን አታጣምር፣ ሚስትህንም አታውራት።

ከዚያ የስፖርት ምንጣፍና በእጅ እየተሳቡ ጡንቻ የሚያጠነክሩ ላስቲኮች ግዛ፣ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም ሆነው። ከመሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፣ መብራት አይፈልጉም። ስትገዛ ወጥረህ እያቸው፤ ፀሐይ የመታው ላስቲክ ይሰነጣጠቃል፣ ሲበጠስም ዓይን ነው የሚያገኘው። ሁልጊዜ ከመጠቀምህ በፊት በጣትህ ዳብሰው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሃል። የቀረውን አምስት ቀን በእግርህ ሂድ፤ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብትሄድ ሐኪሞች ለሳምንት የሚያዙት 150 ደቂቃ ሞላ። ከታክሲ ቀደም ብለህ ውረድ። ደረጃህን ቀስ ብለህ ውጣ፣ ደረትህን ከጨመደደህ ግን እዚያው ቁም፣ ሐኪም ጋ ሂድ፣ «ያልፋል» አትበል። ገመድ ዝላይ ለጊዜው ይቅርብህ፣ ጉልበትህ አይችለውም።

ሦስት ወር በዚህ ከዘለቅህና የግድ ማሽን አማረኝ ካልክ የቤት ብስክሌት ይሻልሃል። በማግኔት የሚሠራው ድምፅ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም፣ ጉልበትንም አይመታም። ሄደህ ቁጭ በልበት፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ኮርቻው እስከዚያ ከፍ የማይል ከሆነ ጥለኸው ና። ሕፃኗ ጣቷን እንዳታስገባበት ግን የጎማው ሽፋን የተዘጋ መሆኑን እይ፣ ነቅታ ሳለችም ዓይንህን አትንቀልባት።

ለገንዘቡ አይደለም የምነግርህ፣ ገንዘብህ ነው፣ ደክመህ ያገኘኸው። ቀብድ የከፈለ ሰው ግን ማሽኑ ባይሆነውም «ገንዘቤ ይቃጠላል» ብሎ ይገዛዋል። ስለዚህ ቀብድ እንዳትከፍል። ዛሬውኑ ደውለህ ትቼዋለሁ በለው።

እህትህ አንድ ሳምንት ናት እዚያ። ግፊትህን ጠዋትና ማታ እየለካህ በወረቀት ጽፈህ በእጇ ላክልኝ፣ አንድም ቀን እንዳይዘለል። የላክሁልህን በሶ ያለ ጨው ነው ያስፈጨሁት፤ በውሃ ይበጥበጥልህ፣ ስኳር አይግባበት።

እናትህ