ለሐረጎ ቁልቁለት የሬዲዮ መገናኛ ይታሰብለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሀላቸው ሐረጎ አለ። ጥምዝምዙን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ መኪና ሲገለበጥ ደዋዩ «የት ጋ ናችሁ?» ሲባል መልሱ «ኩርባው ጋ» ነው። የትኛው ኩርባ? አምቡላንሱ ሲፈልግ የተጎዳው ሰው ደም ይፈሰዋል።

ስልክ አንድ ለአንድ ነው፤ መስመር ሲጨናነቅም እምቢ ይላል። በቪኤችኤፍ ሬዲዮ (ብዙዎች በአንድ ሞገድ በሚነጋገሩበት መገናኛ) ግን አንዱ ሲናገር አምቡላንሱም፣ ድንገተኛ ክፍሉም፣ ትራፊክ ፖሊሱም እኩል ይሰማሉ። ተራራ ይጋርደዋል፣ እውነት ነው። ለዚህ ነው ከፍታ ላይ ሪፒተር (የሬዲዮውን ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ) የሚተከለው፤ እኛ ደግሞ ጦሳን የመሰለ ተራራ አለን።

እስከዚያው በየኩርባው ቁጥር ይጻፍልን። ቀለምና ብሩሽ ይበቃል። ደዋዩ «ኩርባ 7» ካለ አለቀ። ሁለቱ ከተሞች ቶሎ ተነጋግረው ይጀምሩት፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ ይብሳል።

ከኮምቦልቻ ነዋሪ