ሥራ የፈታውን ትልቅ ዲሽ ለሰማይ ማድመጫ እናውለው፦ ከሰሜን ሸዋ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሰሜን ሸዋ ለምትኖሩ፣ ከዞኑ ወጥታችሁ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትገኙ ወገኖቻችን በሙሉ፤

ከደብረ ሲና እስከ መሐል ሜዳ በየግቢው ሥራ ፈትቶ የቆመ ትልቅ ዲሽ አለ፤ ባለ ወንፊቱ፣ ወርዱ 1.8 ወይም 2.4 ሜትር የሆነው። ትንንሾቹ ከመጡ ወዲህ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኛ የፊዚክስ መምህራንና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ሁለት ዲሾችን ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጠን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በባሶና ወራና ልንተክል ተነስተናል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሰማይ የሚመጣውን ሞገድ በገዛ እጃቸው ተቀብለው፣ ከምድር ውጭ አእምሮ ያለው ፍጡር ይኖር እንደሆነ ወደሚደረገው ፍለጋ በእውቀት እንዲገቡ እንፈልጋለን። ለዚህም ዲሽ፣ ገንዘብና ጉልበት እንጠይቃችኋለን።

ጉዳዩ “አሉ፣ የሉም” በሚል ክርክር ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ጁሴፔ ኮኮኒና ፊሊፕ ሞሪሰን የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ በሌላ ዓለም ያለ ፍጡር ራሱን ሊያሳውቅ ቢፈልግ ሃይድሮጅን በተፈጥሮው በሚያወጣው በ1420 ሜጋሄርትዝ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) አካባቢ ቢፈለግ ይሻላል ብለው ጻፉ፤ ሃይድሮጅን በየትኛውም ጥግ ያው ሃይድሮጅን ነውና። በማግስቱ ዓመት ፍራንክ ድሬክ በአሜሪካ ግሪን ባንክ በ26 ሜትር ዲሽ ታው ሴቲና ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ የተባሉ ሁለት ኮከቦችን አደመጠ፤ ምንም አላገኘም። በ1961 ደግሞ ዕድሉን ለመገመት የሚያግዘውን ቀመር አቀረበ። ከቀመሩ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ዛሬ በጥሩ ሁኔታ ይታወቃሉ፦ በጋላክሲያችን ቢያንስ 100 ቢሊዮን ኮከብ አለ፤ በአማካይ ሲታይም ለአንድ ኮከብ ቢያንስ አንድ ፕላኔት ይደርሰዋል። ሕይወት በስንቱ ላይ ይጀምራል፣ በስንቱ ላይ አእምሮ ይፈጠራል፣ ሬዲዮ የሠራ ሥልጣኔስ ስንት ዘመን ይቆያል ለሚሉት ግን ያለን ምሳሌ ይህች ምድር ብቻ ናት። ዕድሉን በቁርጥ ቁጥር የሚነግራችሁ ሰው ግምቱን ነው የሚነግራችሁ። እስኪደመጥ ድረስ ቁርጡ አይታወቅም።

መልእክት መላክ ከዕቅዳችን ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በፖርቶ ሪኮ ከነበረው የአሬሲቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተላከው መልእክት ያነጣጠረበት የኮከብ ክምችት 25,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ መልስ ቢኖር እንኳ ደርሶ መልሱ 50,000 ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ቮየጀር የተባሉት ሁለት የአሜሪካ መንኮራኩሮች ይዘውት የሄዱት የሙዚቃ ሸክላ የ55 ቋንቋ ሰላምታ ተቀርጾበታል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ይህ ቢቆጨንም ቅድሚያ የምንሰጠው ለማድመጥ ነው።

ቦታችን ለዚህ ይመቻል። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.7 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታያታል። የጋላክሲያችን እምብርት እዚህ ከአድማስ እስከ 51 ዲግሪ ሲወጣ፣ በግሪን ባንክ 23 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ሥራው። የዲሹ የቀድሞ ኤል ኤን ቢ (ከዲሹ ፊት የሚታሰረው መቀበያ) አይጠቅመንም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ 21 ሴንቲሜትር የሚረዝመው የሃይድሮጅን ሞገድ ሊገባበት አይችልም። በምትኩ ከጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ፣ አንድ ጫፉ የተዘጋ ጣሳ እናሠራለን። ቆርቆሮ ሠሪው 48 ሴንቲሜትር ቆርጦ አንዱን ሴንቲሜትር ያደራርባል፤ ስፌቱ ሳይቋረጥ መበየድ አለበት። ከተዘጋው ጫፍ 9.3 ሴንቲሜትር ላይ ጎኑ ይበሳና 5 ሴንቲሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ወደ ውስጥ ይገባል። የሽቦው ርዝመት እየተለካ በጥቂት ሚሊሜትር ይከረከማል፤ ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ ከ2 ሴንቲሜትር እስካነሰ ድረስ ሞገዱ አያመልጥም፤ ከአንድ ሴንቲሜትር ያልበለጠ ጉብጠትም አያሳስብም።

ደካማውን ምልክት የሚያጎላው ማጉያ የ1420 ሜጋሄርትዝ ማጣሪያ ያለው ሆኖ ከጣሳው ሥር መታሰር አለበት። ከኬብሉ ታች ቢታሰር 10 ሜትሩ ኬብል ከ2 ዴሲቤል በላይ (ከኃይሉ ከሲሶ በላይ) ይበላና ደካማው ሞገድ በጫጫታ ይዋጣል። ማጣሪያ ከሌለው ደግሞ በ900 እና በ1800 ሜጋሄርትዝ የሚሠሩ የሞባይል ማማዎች ያፍኑታል። ማጉያው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፤ “እስቲ ልሞክር” ብሎ ከቴሌቪዥን ሪሲቨር ጋር ያገናኘው ሰው 13 ወይም 18 ቮልት ሰዶ ያቃጥለዋል። ከዚያ ምልክቱ በዩኤስቢ መቀበያ አልፎ ራስቤሪ ፓይ ወደተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይገባል። ሁሉም ተደምሮ ከ10 ዋት በታች ስለሚወስድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የ12 ቮልት ባትሪ መብራት ቢጠፋም ሁለት ቀን ያቆየናል። ኤል ኢ ዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው፤ ጫጫታቸው ብዙ ነው። ማገናኛዎቹ በራስ ተጣባቂ የጎማ ቴፕ ካልታሸጉ የክረምቱ ውሃ ሰርጎ መዳቡን ያበላሸዋል፤ ምልክቱም ቀስ በቀስ እየደከመ ስለሚሄድ ምክንያቱ ቶሎ አይገኝም።

ሐቁን ለመናገር፣ በ2.4 ሜትር ዲሽ የሌላ ዓለም ሥልጣኔ ይሰማል ብለን ቃል አንገባም። የሚሰማው የጋላክሲያችን ሃይድሮጅን ነው፤ እሱንም በአምስት ደቂቃ ቅጂ በግልጽ ማየት፣ ከድግግሞሹ ለውጥም ጋላክሲው እንዴት እንደሚዞር ማስላት ይቻላል። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ብሬክስሩ ሊስን የተባለው ፕሮጀክት በነፃ ወደለቀቀው የትላልቅ ቴሌስኮፖች መረጃ ይሻገራሉ። መለማመጃቸው ግሪን ባንክ የቀዳው የቮየጀር 1 ምልክት ነው። በምድር መዞር ምክንያት የሩቅ ምንጭ ድግግሞሽ እንደሚንሸራተት (በ1420 ሜጋሄርትዝ በሴኮንድ እስከ 0.16 ሄርትዝ)፣ እዚሁ ቆሞ የሚያሰራጭ መሣሪያ ግን እንደማይንሸራተት ያያሉ። አምስት ደቂቃ ኮከቡን፣ አምስት ደቂቃ ጎኑን ማድመጥ ለምን እንደሚያስፈልግም ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ከተባለው ኮከብ አቅጣጫ የመጣ የመሰለው ምልክት የሰው ሠራሽ ጣልቃ ገብነት መሆኑ የታወቀው በጥንቃቄ ከተመረመረ በኋላ ነው። አንድ ልጅ “ይህ የኛው የምድር ጫጫታ ነው” ብሎ በማስረጃ ሲናገር መስማት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ከውጭ የሚገዙት ሁለት ማጉያና ሁለት መቀበያ እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 45 ዶላር ያወጣሉ፤ ሁለት ራስቤሪ ፓይም እንፈልጋለን። ከውጭ የምትመጡ ዕቃውን ገዝታችሁ ብትይዙልን ከገንዘቡ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ መቀበያው ግን ሙቀት ሲለዋወጥ ድግግሞሹ የማይዋዥቅ ዓይነት ይሁን፤ የደብረ ብርሃን ሌሊትና ቀን በጣም ይለያያል። ከአገር ውስጥ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት የ100 ዋት ሶላር፣ ለመብረቅ መከላከያ ሁለት የመዳብ ዘንግ፣ ባለ 4 ኢንች ሦስት ሦስት ሜትር ብረት ቱቦና 10 ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ቱቦው አንድ ሜትር ተቀብሮ በውሃ ልክ ቀጥ ማለት አለበት፤ ኮንክሪቱም ከክረምት በፊት መሞላት አለበት። ድንጋይና አሸዋ በማመላለስ፣ በመቆፈርም የምታግዙን ትኖራላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ለሚገባው ገንዘብም ሆነ ዕቃ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ወጪው በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዝርዝሩም በየወሩ ይለጠፋል።

ዲሽ የምትሰጡ ሰዎች ከመንቀላችሁ በፊት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲባጎ ወጥራችሁ ወርዱን፣ ከሲባጎው እስከ መሐል ያለውንም ጥልቀት በሴንቲሜትር ለክታችሁ ንገሩን። ወርዱ በራሱ ተባዝቶ ለጥልቀቱ 16 እጥፍ ሲካፈል ጣሳው የሚቀመጥበት ርቀት ይገኛል፤ ወርዱ 240፣ ጥልቀቱ 40 ከሆነ 90 ሴንቲሜትር ነው። ኤል ኤን ቢውን የያዙትን እግሮችና ብሎኖች አትጣሉብን፤ ዲሹ ያለ እነሱ ብዙ ሥራ ያስወጣናል።