ኧረ ምንም የሚዞር ነገር የለም!

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ዲጂታል ፖቴንሽዮሜትርን (በቁጥር ትእዛዝ የሚስተካከለውን ቺፕ) «በኮምፒውተር የሚዞር የድምፅ ቁልፍ» ብላችሁታል። ምኑ ነው የሚዞረው? ኤምሲፒ41010 የተባለውን ቺፕ እንውሰድ። ውስጡ ትንንሽ ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ ክፍሎች) በተርታ ተያይዘዋል፣ ድምራቸው 10 ኪሎ ኦም ገደማ ነው፤ በየመገጣጠሚያቸው ከትራንዚስተር የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ከ0 እስከ 255 ካለው አንድ ቁጥር ሲላክለት የዚያ ቁጥር ማብሪያ ብቻ በርቶ የፖቴንሽዮሜትሩን የመሃል እግር እዚያ ቦታ ላይ ያገናኘዋል። በቃ ይኸው ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን የነበረበትን ይረሳና ከመሃል ይጀምራል። ኤክስ9ሲ103 የተባለው ሌላው ቺፕ 100 ደረጃ ብቻ ቢኖረውም፣ አስቀምጥ ከተባለ ያስታውሳል። ለእኛ ሰፈር እሱ ይሻላል (መብራቱን ታውቁታላችሁ)።

ደግሞ አምፖል አታደብዝዙበት። እኔ ሞክሬ አንዱን ቺፕ አቃጥያለሁ፤ ኤምሲፒው የሚችለው 1 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ